የኮሌጅ በጎ ፈቃድ ፕሮግራም ሴሚስተሩን ሙሉ እንዲዘልቅ ምን እናድርግ?

ሥራዬ ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎችን የበጎ ፈቃድና የማህበረሰብ አገልግሎት ማስተባበር ነው። ዓመቱ በተከፈተ ቁጥር ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎች ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «የት እንሂድ? ምን እንሥራ?» ደስ የሚል ጥያቄ ነው። እኔ ግን «መጀመሪያ የትምህርት ካላንደሩን ይዛችሁ ኑ» እላቸዋለሁ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ብዙ የተማሪ ፕሮግራሞች ሲጀመሩም ሲቀሩም አይቻለሁ። አብዛኞቹ የቀሩት ሚድ ፈተና ሲደርስ ነው። ባዶ ኪሳቸውን የተነሱ ክበቦች ለዓመታት ዘልቀዋል። ባነርና ቲሸርት አሠርተው የተነሱት ደግሞ በሁለተኛው ወር ድምፃቸው ጠፍቷል። ልዩነቱ የነበረው በገቡት ቃል ልክ ላይ ነው። በአቅማቸው ልክ ቃል የገቡት ቆዩ።

ይህን የምጽፈው ክበብ ልታቋቁሙ ላሰባችሁ ተማሪዎች ነው። ያለውን ክበብ ለተረከባችሁም ይሆናል። ተማሪ የምታስተባብሩ መምህራንም የምትወስዱት አይጠፋም።

ሳምንታቱን ቁጠሩ

ሴሚስተራችሁ 16 ሳምንት ነው እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በምዝገባ፣ ኮርስ በመቀየርና በዶርም ግርግር ያልፋሉ። አንድ ሳምንት ለሚድ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የፋይናል ናቸው። ከፋይናል በፊት ያለው ሳምንትም አሳይመንትና ፕሮጀክት የሚከመርበት ስለሆነ አትቁጠሩት። እጃችሁ ላይ የቀረው 10 ሳምንት ነው። እንግዲያው ፕሮግራማችሁ የ10 ሳምንት ነው። ለማንም ሰው ከዚያ በላይ ቃል አትግቡ።

አሁን ደግሞ የምታገለግሏቸውን ሰዎች ካላንደር ከጎኑ አስቀምጡ። ዋናው ችግር የሚታየው ይሄኔ ነው። ልጆች የምታስጠኑ ከሆነ የእነሱ ፈተና ከእናንተ ፈተና ጋር ብዙ ጊዜ ይገጣጠማል። ልጁ አስጠኚውን አብዝቶ በሚፈልግበት ሳምንት አስጠኚው የራሱን ደብተር ይዞ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። የአረጋውያን ማዕከል ከሆነ ደግሞ ብቸኝነቱ የሚብሰው በበዓል ሰሞን ነው። ያኔ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ቤተሰቡ ጋ ሄዷል።

መላ አለው። የአንድ ዲፓርትመንት ልጆችን ብቻ አትሰብስቡ። የፈተና ፕሮግራማቸው የተለያየ ከሆነ አንዱ ሲጨናነቅ ሌላው ይሸፍናል። ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዱ ቢቀር ሌላው እንዲገኝ። ለበዓልና ለእረፍት ጊዜ ደግሞ ካምፓስ የሚቀሩትን ወይም ቤታቸው ቅርብ የሆነውን ልጆች አስቀድማችሁ ለዩ። ለፈተና ሳምንት ሙሉ በሙሉ ከመጥፋት ሰዓቱን ማሳጠር ይሻላል። ሁለት ሰዓት የነበረውን አርባ ደቂቃ አድርጉት፤ ግን ሂዱ። የማትመጡበት ሳምንት ካለም ልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይወቁት። ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳቸው ላይ ለጥፉላቸው።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት

ይህ አባባል በበጎ ፈቃድ ሥራ ላይ ልክ ይሆናል። ተማሪ ሲሰበሰብ ሐሳብ አያጣም። ቀለም እንቀባ፣ ልብስ እንሰብስብ፣ ችግኝ እንትከል ይባላል። የሚረዱት ሰዎች ምን እንደጎደላቸው ግን ስብሰባው ላይ አልተጠየቁም።

አንድ የማይረሳኝ ነገር ልንገራችሁ። የእኛ ልጆች አንድ የአረጋውያን ማዕከል ግድግዳ ሊቀቡ አቅደው ነበር። ከዚያ በፊት ሁለቱ ሄደው እንዲጠይቁ ተስማማን። እዚያ የምትሠራ አንዲት ተንከባካቢ ግድግዳውን አሳየቻቸው። ቀለሙ ገና አዲስ ነው። ከእነሱ በፊት የመጡ ተማሪዎች ቀብተውታል፤ ከዚያ በፊት የመጡትም እንደዚሁ። «እኔ የሚያንሰኝ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ነው» አለቻቸው። የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቷል፤ የማታው አልገባም። አንድ ሰው ብቻውን አንድ ፎቅ ሙሉ ይጠብቃል። ከአረጋውያኑ አንዱ ስልኩ ላይ የልጁን ቁጥር ማግኘት አቅቶታል። ሌላዋ የመጣላትን ወረቀት የሚያነብላት ትፈልጋለች። አንዳንዱ ደግሞ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ የሚያወራው ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው። ልጆቹ የቀለሙን ሐሳብ ተዉትና በሳምንት ሁለት ቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እየተፈራረቁ መግባት ጀመሩ። ወጪው የትራንስፖርት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ለመጠየቅ ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ባነርም ካሜራም አያስፈልግም፤ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ኃላፊውን አነጋግሩ፤ ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው። ግን እዚያ አታቁሙ። ቀን ከቀን እዚያ የሚውለውን ሰው ፈልጉ። ተንከባካቢዋን፣ ጥበቃውን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን፣ ከተገኘም ራሱን ተገልጋዩን። እኔ የማስጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

— ሰው በጣም የሚያንሳችሁ በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት ነው?
— ከዚህ በፊት የመጡ ተማሪዎች ምን ጠቀሟችሁ? በምን አስቸገሯችሁ?
— እኛ ብንመጣ ሥራ የሚጨመርበት ሰው ማነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ እሱን እወደዋለሁ። ሃያ ተማሪ አንድ ቢሮ ሲመጣ የሚያስተናግደው፣ ወንበር የሚያመጣው፣ ከሄዱ በኋላ የሚያጸዳው ሰው አለ። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጣም ሥራ የሚበዛበት ነው። ሃያ ሆኖ አንድ ቀን ከመሄድ አራት አራት ሆኖ ለአምስት ሳምንት መሄድ ይሻላል።

ይህን ሐሳብ ከእኔ በፊት ያሉት ሰዎች ብዙ ናቸው። ትምህርትንና አገልግሎትን በማያያዝ የሚታወቀው አሜሪካዊው ሮበርት ሲግመን እ.ኤ.አ. በ1979 ሦስት መርሆዎችን አስቀምጦ ነበር። የመጀመሪያው አገልግሎቱን የሚመሩት ተገልጋዮቹ ራሳቸው ይሁኑ ይላል። ሁለተኛው፣ ተገልጋዮቹ በሂደቱ የራሳቸው አቅም ይጎልብት። ሦስተኛው፣ የሚያገለግለውም ተማሪ ነው፤ የሚማረው ነገር ላይ ድምፅ ይኑረው። ክበባችሁ ደንብ ሲያረቅ እነዚህን ሦስቱን አስገቡ። ሌላው አንቀጽ ከእነሱ ይመዘዛል።

ወደኋላ ከሄድን ደግሞ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1884 የተከፈተ ቶይንቢ ሆል የሚባል ቤት አለ። ሳሙኤልና ሄንሪዬታ ባርኔት የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው ያቋቋሙት። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ልጆች እየመጡ ድሃው ሰፈር ውስጥ ይኖሩ ነበር። ጎብኝተው አይመለሱም፤ ጎረቤት ይሆናሉ። አሜሪካዊቷ ጄን አዳምስ ያንን አይታ ቺካጎ ላይ ከጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር እ.ኤ.አ. በ1889 ሃል ሃውስ የሚባል ተመሳሳይ ቤት ከፈተች። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተጋርታለች። እኛ ሰፈር ቀይረን መኖር አይጠበቅብንም። ከእነሱ የምንወስደው ግን አለ፤ ሰውን የሚያውቀው የሚመላለስ ሰው ነው።

አንድ ሥራ ምረጡ

አንድ ክበብ አምስት ፕሮጀክት ይዞ ሲነሳ እሰጋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ይበቃል። ከሁሉም ብዙ የማወራው ስለ ማስጠናት ነው፤ ተማሪ ከማንም በተሻለ የሚሠራው እሱን ስለሆነ። ኮሌጅ የገባ ልጅ አልጀብራ ያስጨነቀው መቼ እንደነበር ገና አልረሳውም። መምህሩ የረሳውን ጭንቀት እሱ ያስታውሰዋል።

ነገር ግን ማስጠናት ሲቋረጥ ይጎዳል። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ከታላላቆቻቸው ጋር በበጎ ፈቃድ የተጣመሩ ታዳጊዎችን ተከታትለዋል። ጥምረታቸው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየላቸው ልጆች ብዙ መሻሻል አሳይተዋል። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ወርዷል። ይህን አዲስ ለሚመዘገብ ተማሪ ሁሉ እነግራለሁ። ልጁ «ትታኝ የሄደችው በእኔ ምክንያት ነው» ብሎ ያስባል። ስለዚህ የ10 ሳምንት ፕሮግራም ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የ10 ሳምንት መሆኑ ይነገረው። ማብቂያው የታወቀ ነገር ሲያልቅ ማንም እንደተተወ አይሰማውም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ያው አስጠኚ ከቀጠለ ደግሞ እሰየው።

የአንድ ሰዓት ጥናት እንዴት ያልፋል? እኛ እንዲህ እናደርጋለን። መጀመሪያ አስር ደቂቃ ልጁ ያወራል። በዚህ ሳምንት ምን ተማርክ፣ ምኑ ላይ ጠፋብህ ተብሎ ይጠየቃል። «ገብቶሃል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ልጅ «አዎ» ነው የሚላችሁ። «እስቲ ለእኔ አስረዳኝ» በሉት። ቀጥሎ የራሱ ደብተር ይከፈታል። ከሌላ መጽሐፍ አዲስ ነገር አታምጡ፤ የክፍሉ መምህር ያስተማረበትን መንገድ ተከተሉ። ሁለት ዓይነት ዘዴ አንድ ላይ ሲመጣበት ልጁ ይባስ ግራ ይገባዋል።

እርሳሱ ሁልጊዜ ልጁ እጅ ይሁን። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። አስጠኚው እርሳስ ያነሳ ዕለት ሥራውን የሚሠራው እሱ ይሆናል። ልጁ ሲሳሳት ቶሎ አትግቡ። ትንሽ ጠብቁ፤ ዝምታው ለእናንተ ይከብዳል እንጂ ለልጁ የማሰቢያ ጊዜ ነው። የቤት ሥራውን ሠርታችሁ አትስጡት። ከቤት ሥራው ጋር የሚመሳሰል አንድ ጥያቄ አብራችሁ ሥሩና የራሱን ለብቻው ይሞክር።

የመጨረሻው አምስት ደቂቃ የመዝገቡ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቀጭን ደብተር አለ። አስጠኚው ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋል፤ «ክፍልፋይ መደመር ችሏል። ታችኛው ቁጥር ሲለያይ ግን ዝም ብሎ ይደምራል። ማክሰኞ ከዚህ ጀምሩ።» በቀጣዩ ቀን ሌላ ሰው ቢመጣም ከዜሮ አይጀምርም። ደብተሩ ማዕከሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተማሪው ቦርሳ ውስጥ አይገባም።

ስለ ደም ልገሳም ልበል፤ ኮሌጆች የሚወዱት ሥራ ስለሆነ። ወጣት በአንድ ግቢ ተሰብስቦ የሚገኝበት ቦታ ነው፤ ደም ባንኮችም ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። ግን አብዛኛው ኮሌጅ በዓመት አንድ ትልቅ ቀን ያዘጋጅና ያበቃል። ደም ግን ተጠራቅሞ አይቀመጥም። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ ቢበዛ 42 ቀን ያህል ይቆያል። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት ደግሞ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ። በአንድ ቀን የጎረፈው ደም ከሁለት ወር በኋላ ለሚወልዱ እናቶች አይደርስም። ስለዚህ ለጋሾቻችሁን ከሁለት ክፈሉ። ግማሹ በሦስተኛው ሳምንት፣ ግማሹ በዘጠነኛው ይስጥ። ቀኑን ደም ባንኩ ይምረጥ፤ መቼ እንደሚያንሰው የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንዱ ልገሳ እስከ ቀጣዩ ለወንዶች ቢያንስ 12፣ ለሴቶች 16 ሳምንት እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ አንድን ልጅ በአንድ ሴሚስተር ሁለቴ አትጥሩ። ጤናው ወይም ክብደቱ የማይፈቅድለት ልጅም አለ። እሱ ምዝገባ ላይ ይቀመጥ፤ ከሰጡ በኋላ የሚያርፉትን ይከታተል። ለምን እንዳልሰጠ ማንም አይጠይቀው።

ችግኝ መትከል ከፈለጋችሁ የሚቀጥለውን ደረቅ ወቅት ውሃ የሚያጠጣውን ሰው ስም አስቀድማችሁ ጻፉ። ስም ካልተገኘ አትትከሉ።

ከሙያችሁ ጋር የሚገናኝ ሥራ ደግሞ በጣም ይጠቅማል። አካውንቲንግ የሚማሩ ልጆች ለአንድ ትንሽ ማህበር የወጪና ገቢ መዝገብ ያደራጃሉ። የኮምፒውተር ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ አቧራ የጠጡትን ኮምፒውተሮች ያስነሳሉ። የሕግ ተማሪዎች በመምህር ክትትል ሰዎችን ያማክራሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ግቢ ውስጥ መምህር ሳይከታተላችሁ የማይፈቀድላችሁን ነገር ውጭም ብቻችሁን አታድርጉት። የሕክምና ተማሪ የደም ግፊት መለካት ይችላል፤ መድኃኒት ማዘዝ ግን አይችልም። የሚታከመው ሰው ድሃ ስለሆነ ደንቡ አይቀየርም።

ሰው መመልመል

«በጎ ፈቃደኛ ሁኑ!» የሚል ፖስተር ብዙ ስም ያስመዘግባል፤ ጥቂት ሰው ያመጣል። ፖስተሩ ላይ የምትፈልጉትን በዝርዝር ጻፉ፦ «ማክሰኞ ማክሰኞ ከ10 እስከ 11 ሰዓት፣ ለ10 ሳምንት፣ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስጠኑ ስምንት ሰዎች እንፈልጋለን።» የሚመዘገበው ሰው ያንሳል። የተመዘገበው ግን ይመጣል።

ከፖስተር በላይ የሚሠራው በአካል መጠየቅ ነው። ክፍል ውስጥ ቆሞ ንግግር ከማድረግ አጠገባችሁ የሚቀመጠውን ልጅ «ማክሰኞ አብረኸኝ ትመጣለህ?» ማለት። ዝምተኛ ልጆችን አትለፉ። ከአረጋውያን ጋር ተቀምጦ መስማት የሚችለው ብዙ ጊዜ እሱ ዝምተኛው ነው።

ፍሬሽ ተማሪዎችን በመጀመሪያው ወር አትጫኗቸው። መጥተው ይዩ፤ ከሲኒየር ጋር ይቀመጡ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ቦታ ይይዛሉ።

እየሠራ የሚማር ተማሪም አለ። ማታ የሚሠራ፣ ቅዳሜ የሚሠራ። በጎ ፈቃድ ጊዜና የትራንስፖርት ገንዘብ ላላቸው ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ። የክበቡ የመጀመሪያ ገንዘብ ለትራንስፖርት ይሁን። ቲሸርት ይቆይ። ካምፓስ ሆኖ የሚሠራ ሥራም አዘጋጁ፤ የጥናት ወረቀት ማባዛት፣ ፕሮግራም ማውጣት፣ ለቀሩት ስልክ መደወል።

ግዴታ ይሁን ወይስ በፈቃድ? ይህ ክርክር በየስብሰባው ይነሳል። ሜክሲኮ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቅ ቢያንስ 480 ሰዓት ማህበራዊ አገልግሎት ይሰጣል፤ ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜም አይጨርሰውም። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 በ37 ዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረው ብሔራዊ የአገልግሎት ፕሮግራም ከበጎ ፈቃደኛው በዓመት 120 ሰዓት ይጠብቃል። ኢትዮጵያ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በየክፍለ ሀገሩ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት፣ ያገለግሉ ነበር። እኔ ግዴታውን አልቃወምም። ግን ተማሪው የት እንደሚያገለግል ይምረጥ። በግድ አረጋውያን ጋ የተላከ ልጅ ስልኩን ሲነካካ ውሎ ይመለሳል፤ የተቀመጠላቸው ሰዎችም ይገባቸዋል። ከሜክሲኮዎቹ ደንብ የምወደው ደግሞ ያንን የስድስት ወር ነገር ነው። ሰዓቱን በአንድ ሳምንት ጨርሶ ማህተም ለማስመታት የሚሮጠውን ያስቆማል።

ደህንነትና ፎቶ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከልጆች ጋር ስትሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻውን አይሆንም። ጥናቱ ሌሎች በሚያዩበት ክፍል ይሁን። የልጅ ስልክ ቁጥር አትያዙ፤ በግል መልእክት አትላላኩ። መነገር ያለበት ነገር በወላጅ ወይም በማዕከሉ በኩል ይሂድ። አንድ ልጅ ቤት ውስጥ እንደሚደበደብ ከነገራችሁ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡለት። ያንኑ ቀን ለማዕከሉ ኃላፊ ወይም ለልጆች ደህንነት ለተመደበው ሰው ተናገሩ። ማን ጋ እንደሚኬድ ሥራው ሳይጀመር እወቁ። ማዕከሉ የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫ ከጠየቃችሁ አትከፉ፤ የሚጠይቅ ማዕከል ጥሩ ማዕከል ነው።

አረጋውያን ጋ ስትሄዱ ጉንፋን የያዘው ሰው ይቅር። ለእናንተ የሁለት ቀን ንፍጥ የሆነው ለእነሱ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ጥፍር ልቁረጥ፣ ላንሳቸው፣ መድኃኒታቸውን ላቀብል አትበሉ። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች እግር ላይ ትንሽ ቁስል ብዙ ጣጣ ታመጣለች። ይህ የተንከባካቢዎቹ ሥራ ነው።

ስለ ፎቶ ብዙ ተጨቃጭቀናል። አሁን ደንባችን ግልጽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም ፎቶ አያነሳም። ከዚያ በኋላም የሚነሳው ሰው ፈቅዶ፣ ልጅ ከሆነ ወላጁ ፈርሞ፣ የት እንደሚለጠፍ ተነግሮት ነው። ልጆቹን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ አልጋ ላይ ያሉት እናትህ ቢሆኑ ይህን ፎቶ ትለጥፈዋለህ? ለሪፖርት ፎቶ ካስፈለገ የተደረደሩትን መጻሕፍት አንሱ፣ የተማሪዎቹን ጀርባ አንሱ። ዲን ቢሮ ያለ ሰው የማንንም ልጅ ፊት ማየት አያስፈልገውም።

ከሥራው በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት

ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ አውሩ። በጣም የሚዘለለው ይሄ ነው፤ ሁሉም ዶርሙ መግባት ይፈልጋል። ግን ልጆች ተስፋ ቆርጠው የሚቀሩት ያዩትን ነገር ለብቻቸው ይዘው ሲሄዱ ነው። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ዛሬ ምን አያችሁ? ለምን እንደዚያ ሆነ ትላላችሁ? በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንቀይር?

«ለምን» የሚለው ላይ ጊዜ ስጡ። አንድ ጊዜ አንዲት አስጠኚ «ልጁ ሰነፍ ነው፣ ሁልጊዜ ይተኛል» አለች። ሌላው «ጠዋት ከስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» ብሎ ጠየቃት። አላወቀችም። በሚቀጥለው ሳምንት ጠየቀችው። ልጁ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ሥራ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛወሩለት። መምህራን ከኮርሳቸው ጋር የሚያያይዙት ከሆነም ነጥብ መስጠት ያለባቸው ለዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ነው። ሰዓቱን መቁጠር ተማሪው እዚያ እንደነበረ ይናገራል፤ ምን እንደገባው አይናገርም።

ወረቀት፣ ገንዘብ፣ ምስጋና

ከማዕከሉ ጋር አንድ ገጽ የስምምነት ወረቀት ይኑራችሁ። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ እስከ የትኛው ሳምንት፣ የማንመጣባቸው ሳምንታት፣ ችግር ሲኖር የሚደወልለት ሰው ከሁለቱም ወገን። ከኮሌጁ የተማሪዎች ዲን ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። ኮሌጁ ከግቢ ውጭ ለሚደርስ አደጋ ኃላፊነቱ ምን ድረስ እንደሆነም በዚያው ጠይቁ። ረጅም ሰነድ አያስፈልግም፤ ረጅሙን ማንም አያነበውም።

ገንዘብ ከሰበሰባችሁ ሁለት ሰው ይፈርም። ገቢውና ወጪው በየወሩ ለአባላቱ በግሩፓችሁ ላይ ይለጠፍ። ትንሽ ብር ስለሆነ ማለት አይሠራም፤ ክበብ የሚፈርሰው በትንሽ ብር ሐሜት ነው።

ሰርተፊኬት ስትሰጡ «በበጎ ፈቃድ ተሳትፏል» ብቻ አትበሉ። የሠራውን ጻፉለት፤ ስንት ሳምንት፣ የት፣ ምን። ሥራ ሲፈልግ የሚጠቅመው ያ ነው። የምስጋና ቀን ካሰባችሁ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ የሚውለው የዓለም የበጎ ፈቃደኞች ቀን አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ዲሴምበር 5 ቀን እንዲከበር ወስኗል። በዚያ ቀን መድረኩን ለተንከባካቢዋና ለጥበቃው ስጡ። ስለ እናንተ ምን እንደሚያስቡ በግልጽ ይናገሩ፤ የሚያስተካክሉትም ካለ እዚያው ያስተካክሉ።

ርክክብ

ተማሪ ይመረቃል። ጥሩ አስተባባሪ ሲመረቅ ግን ብዙ ክበብ አብሮት ይመረቃል። ስለዚህ ምክትሉ ከሁለተኛ ዓመት ይመረጥ፤ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ከአስተባባሪው ጋር አብሮ ይዙር። አንድ ፋይል ይኑራችሁ። የስምምነቱ ወረቀት፣ የስልክ ቁጥሮች፣ የልጆቹ ደብተሮች የሚቀመጡበት ቦታ፣ ያልተሳካው ነገርና ምክንያቱ፣ የሚቀጥለው ዓመት ካላንደር እዚያ ይግባ። ፋይሉ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ብቻ አይሁን። ላፕቶፕ ይሰረቃል፤ ባለቤቱም ይሄዳል።

ለክረምቱ እረፍት ከመበተናችሁ በፊት ደግሞ የሚወጣውና የሚገባው አስተባባሪ አንድ ላይ ወደ ማዕከሉ ይሂዱ። አዲሱን ከኃላፊው ጋር ብቻ አታስተዋውቁት። ወደ ውስጥ ይግባ፤ ተንከባካቢዋ ስሙንና ስልኩን ትያዝ። የምትመለሱበትን የመጀመሪያ ቀን ተነጋግራችሁ ያዙና ግድግዳው ላይ ባለው ወረቀት ጽፋችሁ ውጡ።